ዕቃ የበዛው ጎረቤት ስላነሰ ነው

እስቲ ከሰላምታው በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ስንት ሲኒ አለ? አትገምቱ፤ ተነሡና ቁጠሩ። እኛ ጳጉሜ 2017 ላይ ቆጥረን 64 አገኘን። በቤቱ የምንኖረው 6 ሰዎች ነን። ከስድስታችን ቡና የሚጠጡት አራቱ ናቸው። ሒሳቡን ለእናንተ ትተናል።

ሲኒ ወደ መቁጠር የገባነው ሥራ ፈትተን አይደለም። ነሐሴ ላይ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት፣ አያታችን ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ኮሪደሩ ላይ በተቀመጠ ማዳበሪያ ተሰናክለው ወደቁ። የግራ እጃቸው አንጓ ተሰበረ። ጠዋት ከሐኪም ቤት ስንመለስ "ለመሆኑ ይሄ ማዳበሪያ ምን ይዞ ነው?" ብለን ዘረገፍነው። ምን ቢኖረው ጥሩ ነው? እየተጣጠፉ የተጠራቀሙ ፌስታሎች፣ ወደ ሃያ የሚጠጉ ባዶ የሃይላንድ ጠርሙሶች፣ ክዳን የሌላቸው የፕላስቲክ ዕቃዎች፣ ዕቃቸው የጠፋ ክዳኖች። በቃ። ሰማንያ ዓመት የተጠጉ እናት የወደቁት በባዶ ጠርሙስ ነው።

አያታችን ደግሞ ምን አሉ? "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዳበስ ዳበስ እያልኩ መሄድ ነበረብኝ።" ከስብራቱ ይልቅ ያመመን ይሄ ነው። በገዛ ቤታቸው መተላለፊያ ያጡት እሳቸው፣ ይቅርታ ጠያቂዋም እሳቸው!

ስለዚህ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አንጽፍም። ስለ ቡፌ፣ ስለ ቁም ሳጥን፣ ስለ አልጋ ሥር እንጽፋለን። (ፖለቲካው አልጋ ሥር ድረስ ተከትሎን ከመጣ ግን ጥፋቱ የእኛ አይደለም።)

ከቆጥ እስከ አራተኛ ፎቅ

"እኛ" ስንል ሦስት ልጆች ማለታችን ነው፤ ሁለት እህትማማቾችና አንድ ወንድም። ከሦስታችን አንዷ በጋዜጠኝነት ተመርቃለች። ብዕሩን የያዘችው እሷ ናት፤ ሐሳቡ ግን የሦስታችንም ነው። እናታችንም ይህን ጽሑፍ አንብባ "ይሁን እንግዲህ" ብላለች።

ያደግነው መሀል አዲስ አበባ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ለማያውቅ ለመንገር ያህል፣ ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። የእኛ ቤት ከመጀመሪያዎቹ ወገን ናት። ኪራዩ ትንሽ ነው፣ ቤቱም ትንሽ ነው፣ ቤተሰብ ግን ትንሽ ሆኖ አይቀርም። ልጅ ይወለዳል፣ ከገጠር ዘመድ ይመጣል፣ የሞተ ዘመድ ዕቃ ይወረሳል። ግድግዳው ግን ያው ነው። ያለ ፈቃድ አንድ ክፍል መቀጠል አይቻልም። ወደ ጎን ካልተቻለ እንግዲህ ወደ ላይ ነው፤ ቆጥ ይሠራል። ቆጡ ሲሞላ አልጋው በብሎኬት ከፍ ይደረግና ሥሩ ዕቃ ቤት ይሆናል። "የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች" የሚለውን ተረት እኛ ቤት በተግባር ያላየ ሰው የለም።

መጋቢት 2016 ላይ ሰፈራችን ለልማት ተነሣ። በዚያ ዓመት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከሌሎች የመሀል ከተማ ሰፈሮች ብዙ ቤተሰብ ተነሥቷል። እኛም ከተነሡት ነን። ለማሸግ የነበረን ጥቂት ቀን ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ ዕቃ አይመረጥም፣ ዕቃ ይጫናል። የአርባ ዓመት ጓዝ በሁለት አይሱዙ ተጭኖ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደ። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። (ተሸካሚዎቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ዋጋ ጨመሩብን። አልተቀየምናቸውም።)

ቤቱ ባለ ሁለት መኝታ ነው። አንደኛው መኝታ ቤት "ለጊዜው" ዕቃ ማስቀመጫ ሆነ። አያታችን "ለጊዜው" ሳሎን ተኙ። የተረፈው ዕቃ "ለጊዜው" ኮሪደሩ ላይ ተደረደረ። ይሄ "ለጊዜው" አንድ ዓመት ከአምስት ወር ቆየና አያታችንን ጣላቸው።

"ጣሉታ!"

ይህንን ለማን ብንነግር መልሱ አንድ ነው። "ጣሉታ!"

ዓለምም የሚለው ይህንኑ ነው። ጃፓናዊቷ ማሪ ኮንዶ ስለ ቤት ማስተካከል የጻፈችው መጽሐፍ በአገሯ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በ2014 በእንግሊዝኛ ሲታተም ዓለም አወቃት፤ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ኔትፍሊክስ በተከታታይ ፊልም አቀረባት። ዘዴዋ ለመናገር ቀላል ነው። ዕቃችሁን በክፍል ሳይሆን በዓይነት ሰብስቡ፤ መጀመሪያ ልብስ፣ ቀጥሎ መጽሐፍ፣ ቀጥሎ ወረቀት፣ ከዚያ ኮተቱን፣ መጨረሻ ላይ ትዝታ ያለባቸውን። እያንዳንዱን በእጃችሁ ያዙና "ደስታ ይሰጠኛል ወይ?" በሉ። ካልሰጣችሁ አመስግናችሁ አሰናብቱት።

እኛም ሞከርነው። እናታችን እጅ ላይ ምጣድ አስቀምጠን "ደስታ ይሰጥሻል?" አልናት። ትክ ብላ አየችንና "እንጀራ ይሰጠኛል" አለችን።

(በነገራችን ላይ ማሪ ኮንዶ ራሷ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ወዲህ ቤቷን እንደ ድሮው ማስተካከሉን ተወት እንዳደረገችው እ.ኤ.አ. በ2023 ተናግራለች። እናታችን ይህን ስትሰማ ሴትዮዋን ወደደቻት።)

ዕቃ መብዛት የድሃ ጣጣ ብቻ ነው ብላችሁም አታስቡ። ሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መካከለኛ ገቢ ያላቸውን 32 ቤተሰቦች ቤት ገብተው ዕቃቸውን ቆጥረው፣ ፎቶ አንሥተው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በመጽሐፍ አሳትመዋል። ጋራዡ በዕቃ ስለሞላ መኪናቸውን ውጭ የሚያሳድሩት ብዙዎቹ ነበሩ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቤታቸውን የተዝረከረከና ሥራው የማያልቅ አድርገው የገለጹ ሚስቶች፣ ከጭንቀት ጋር የሚያያዘው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን በቀኑ ውስጥ እንደሚገባው እንደማይወርድላቸው አሳይቷል። በሚስቶቹ ላይ የታየው ነገር በባሎቹ ላይ እንዲያ ጎልቶ አልታየም።

እኛ አገር ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። "እንግዳ ሊመጣ ነው" ሲባል ማን እንደሚሯሯጥና ማን ቴሌቪዥኑ ፊት እንደሚቀመጥ ማየት ይበቃል። 64ቱን ሲኒ በየሁለት ሳምንቱ ከቡፌ አውርዳ፣ አጥባ፣ ወልውላ፣ መልሳ የምትደረድረው እናታችን ናት። ለስንት ዓመት? ለሰላሳ። አንድም ቀን 64 ሰው ቤታችን ቡና ጠጥቶ አያውቅም።

ነገር ግን በእኛና በሎስ አንጀለሶቹ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። እነሱ የጣሉትን ነገ መልሰው መግዛት ይችላሉ። "ጣሉት" የሚለው ምክር በሆዱ "ነገ ብታጡት ትገዙታላችሁ" የሚል መተማመኛ ይዟል። መተማመኛው የሌለው ሰው አይጥልም፤ ቢጥል ነው የሚገርመው።

የእናታችን ጥቁር ፌስታል

ጳጉሜ ገባ። ለእንቁጣጣሽ ቤት ይጸዳ የለ? "በዚሁ እንገላገለው" ብለን ተነሣን። ስህተታችንን ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀመርን፤ የገባነው በእናታችን ዕቃ ነው።

ከቁም ሳጥኑ ሥር በሲባጎ የታሰረ ጥቁር ፌስታል ወጣ። ስንፈታው ወረቀት ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የውሃ ደረሰኝ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ ብጫ የሆኑ፣ ጠርዛቸውን አይጥ የቀመሳቸው፣ ቀለማቸው የደበዘዘ። አንዱ (ማን እንደሆነ አንናገርም) "ይሄን እንኳ ጣይው እማ፣ ቤቱ ራሱ እኮ ፈርሷል" አለ።

እናታችን አልተቆጣችም። ቁጭ አለችና አስታወሰችን። ሰፈሩ ሲነሣ "ሕጋዊ ተከራይ መሆናችሁን አሳዩ" በተባልን ጊዜ ያዳነን ይሄው ፌስታል ነው። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ወረቀታቸው ተጓድሎ ስንት ቀን እንደተንከራተቱ እኛም አይተናል።

አፋችንን ያዝን።

የእናታችን ትውልድ ያደገው ስኳርና ሳሙና ከቀበሌ ኅብረት ሱቅ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ነው። ሰልፍ ወጥተሽ ተራሽ ሲደርስ መያዣ ከሌለሽ የሚሰፈርልሽ የለም። ጣሳ መለኪያ ነበር፤ ጠርሙስ የላምባና የዘይት ማምጫ ነበር። ባዶ ዕቃ ማለት ለእነሱ ገና ያልሞላ ዕቃ ነው። እኛም ብንሆን ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የሱቅ ዋጋ እንዴት እንደሮጠ አይተናል። ጤፍ በኩንታል ገዝቶ፣ በርበሬ በወቅቱ አስፈጭቶ ማስቀመጥ መዝረክረክ አይደለም፤ ብልህነት ነው። ስለዚህ ቤት አጣበቡ ብለን እናቶቻችንን ከመውቀሳችን በፊት ያጡትን እናስታውስ። ያጣ ሰው ያስቀምጣል።

ይህን ካልን በኋላ ደግሞ ሌላውንም እንበል። ማጣትን የሚፈራ ሰው ዕቃ አይመርጥም፤ ሁሉንም ያስቀምጣል። ደረሰኙም ይቀመጣል፣ ክዳን አልባው ዕቃም ይቀመጣል፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይከመራሉ። ያ ያዳነን ፌስታል እንኳ በተፈለገ ጊዜ የተገኘው ቤቱ ሁለት ቀን ሙሉ ከተገለባበጠ በኋላ ነው! እናታችን ደረሰኝ ማስቀመጧ ልክ ነበር። የጎደላት ደረሰኙን ከኮተቱ የምትለይበት ቦታ ነው፤ ቦታውን ደግሞ ኮተቱ ይዞታል።

ሙቀጫው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ።

በድሮው ግቢያችን ሰባት ቤተሰብ ነበርን። በሰባት ቤተሰብ አንድ ሙቀጫ ነበር። አንድ መሰላል። አንድ ትልቅ ብረት ድስት። ወንፊት የተቀደደበት ሰው አዲስ እስኪገዛ ልጁን "ሂድና ከነ እትዬ ቤት ወንፊት አምጣ" ይለዋል። ልጁም እየሮጠ ይሄዳል፤ ወንፊቱንም፣ ቤታቸው የተቆላውን ቆሎም ይዞ ይመለሳል። (ይህ ልጅ እኛ ነበርን።)

ግቢው ሲፈርስ "ሙቀጫውን ማን ይውሰደው?" የሚል ጥያቄ ተነሣ። የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልተገኘም። አያታችን ተጠየቁ። "የግቢው ነው" አሉ። ግቢው ደግሞ ሰባት ቦታ ተበትኗል። በመጨረሻ በዕድሜ ትልቅ እሳቸው ስለሆኑ ተብሎ ለእኛ ተሰጠ፤ አይሱዙ ላይ ወጣ።

የቀሩት ስድስት ቤተሰቦች ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? እያንዳንዳቸው ሙቀጫ ገዙ። እኛስ? መሰላሉ የደረሰው ለሌላ ቤተሰብ ነበርና በገባን በመጀመሪያው ወር መሰላል ገዛን፣ መዶሻ ገዛን፣ ትልቅ ሳፋ ገዛን፣ ለዓመት በዓል የሚሆን ድስት ገዛን። ምክንያቱም በራችን ፊት ለፊት ማን እንደሚኖር አናውቅም። "መሰላል አላችሁ?" ብሎ የማያውቁትን በር ማንኳኳት ያሳፍራል። ስለዚህ በዚህ ሕንፃ ላይ በየቤቱ መሰላል አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ አምፖል ይቀየርበታል፤ የቀረውን ጊዜ በረንዳ ላይ ቆሞ ልብስ ይሰጣበታል።

የሲኒውም ነገር እንደዚሁ ነው። እናታችንን "64 ሲኒ ለምን?" ስንላት መልሷ አጭር ነው፤ "ሰው ቢመጣስ?" ልክ ናት፣ ሰው ይመጣል። ሐዘን ይመጣል፣ ክርስትና ይመጣል፣ ማኅበር ይደርሳል። ግን እስቲ አስቡት፤ በድሮው ሰፈር ሐዘን ሲመጣ ሲኒ የሚመጣው ከየት ነበር? ከእድር! ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሰሃኑ፣ ብርጭቆው ሁሉ ከእድሩ ዕቃ ቤት ነው። እድር ስንል ለቀብር የሚቆም ማኅበር ብቻ አድርገን እናየዋለን እንጂ የሰፈሩ ሁሉ የጋራ ዕቃ ቤትም ነው። አንድ ሰፈር አንድ መቶ ሲኒ ካለው አንድ ቤት 64 ሲኒ አያስፈልገውም።

ሰፈሩ ሲበተን እድሩም ተበተነ። አዲሱ ሰፈር እድር አለው፤ እኛ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ሳንመዘገብ ቆይተናል። በእነዚህ ወራት እናታችን ሲኒ ላይ ሲኒ ስትጨምር ለካ ያጣችውን እድር ለብቻዋ እያቋቋመች ኖሯል።

የምንለው ይህ ነው፤ ዕቃችን የበዛው ጎረቤታችን ስላነሰ ነው። በፊት በመበደር እናገኘው የነበረውን ሁሉ ዛሬ በመግዛት እናገኘዋለን። የገዛነውን ደግሞ ማስቀመጥ አለብን። ቤቱ ግን አልሰፋም።

"ድሮ ቀረ" እያልን ልናለቅስ አይደለም። ድሮም በሙቀጫው ጠብ ነበር። "ወንፊቴን ቀዳችሁ መለሳችሁልኝ"፣ "ድስቴን አጥቁራችሁ" እየተባለ ሳምንት የተኳረፉ ነበሩ። ተበድሮ የማይመልስም ነበር። ነገር ግን እድሮች ለዚህ መላ ካበጁ ቆይተዋል። ዕቃው ይመዘገባል፣ ዕቃ ያዥ ይመረጣል፣ የሰበረ ይተካል፣ ያዘገየ ይቀጣል። መተማመን ባይኖር እንኳ መዝገብ አለ!

ታዲያ ምን አደረግን?

ከጥቁሩ ፌስታል በኋላ ሥራውን አቁመን እንደ አዲስ ተነጋገርን። አምስት ነገር ተስማማን።

አንደኛ፣ ማንም የሌላውን ዕቃ አይነካም፤ እያንዳንዱ ከራሱ ይጀምራል። ወንድማችን "እኔ እኮ ዕቃ የለኝም" አለ። አልጋው ሥር የተበላሸ ኮምፒውተር፣ አራት የሞቱ ሞባይሎች፣ የምን እንደሆነ የማይታወቅ ቻርጀር በከረጢት ሙሉ፣ ነጠላ ጫማዎች (ነጠላ ስንል ጥንዳቸው የጠፋ ማለታችን ነው) ተገኙ። ጋዜጠኛዋስ? የአራት ዓመት ሃንድአውት፣ እንዲሁም ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች እየለቀመች ያከማቸቻቸው ጋዜጦች፣ ከነዚህም ውስጥ ከ2000 እስከ 2002 ዓ.ም. ትታተም የነበረችው "አዲስ ነገር" ትገኝበታለች። "ይሄ ታሪክ ነው!" ብላ ተከራከረች። እናታችን "የኔም ጣሳ ታሪክ ነው" አለች። አንድ ለአንድ። ሃንድአውቱ ወጣ፤ ጋዜጣው በአንድ ካርቶን ተወሰነ። ካርቶኑ ሲሞላ አዲስ የሚገባ ካለ አሮጌ ይወጣል።

ሁለተኛ፣ የምንጠይቀው ጥያቄ ስለ ደስታ አይደለም። "ከዓምና እንቁጣጣሽ እስከ ዘንድሮ ማን ነካው?" ነው። የነካው ሰው ስሙ ከተጠራ ዕቃው ይቆያል። የማንም ስም ካልተጠራ ወይ ይሰጣል፣ ወይ ይሸጣል፣ ወይ ይጣላል።

ሦስተኛ፣ ወረቀት ከመታየቱ በፊት አይጣልም። አራት ክላሰር ገዛን፤ የቤት፣ የጤና፣ የትምህርት፣ የልደትና የመታወቂያ። የእናታችን ደረሰኞች በየዓመታቸው ተደርድረው ገቡ። አሁን አንድ ወረቀት ለማግኘት ሁለት ቀን አይፈጅም።

አራተኛ፣ ሰው የሚሄድበት ቦታ ላይ ዕቃ አይቀመጥም። ኮሪደር ላይ፣ በር ሥር፣ ደረጃ ላይ፣ አንድም ነገር። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ይችን አትተዉ። ሽማግሌ ወይም ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ይህን ጽሑፍ አቁማችሁ አሁኑኑ አድርጉት፤ እንጠብቃችኋለን።

አምስተኛ፣ ትዝታ መጨረሻ ላይ ይታያል፤ (ይህን ከማሪ ኮንዶ ወስደናል፤ እናመሰግናለን) ደግሞም በባለቤቱ ብቻ ይወሰናል። የአያታችን ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንድ ወፍራም ካፖርት ትተዋል። ማንም አይለብሰውም። ማንም አይነካውም። በሁለተኛው ደንብ ከሄድን መውጣት ነበረበት። አያታችን በደኅናው እጃቸው ዳሰስ አደረጉትና "ይሄ ይቆይልኝ" አሉ። ቆየ። ቤት እኮ መጋዘን አይደለም፤ ሆቴልም አይደለም።

የጣልነው የት ይሄዳል?

የወጣው ዕቃ ሳሎኑን ሞላው። ደግነቱ በዚህ አገር ዕቃ የሚወጣበት መንገድ ድሮም አለን። "ቁራሌው!" የሚለውን ድምፅ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም፤ ብረታ ብረቱንና ጠርሙሱን ወሰደልን። "ልዋጭ!" የምትለዋ ደግሞ አሮጌ ልብስና ጫማ ወስዳ በምትኩ ፕላስቲክ ዕቃ ልትሰጠን ነበር፤ እናታችን እጇን ስትዘረጋ ሦስታችንም በአንድ ድምፅ "በብር ይሁንልን!" አልን። እንዲህ እንዲህ እየተሸጠ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚደርሰው ዕቃ እዚያ ተጠግኖ፣ ተቀጥቅጦ፣ ሌላ ዕቃ ሆኖ ይመለሳል። በየቤቱ የሚጮኹትን እነዚህን ሰዎች እንደ ረባሽ አንያቸው፤ ከተማዋን የሚያቀሉት እነሱ ናቸው።

የማይሸጠው ግን ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል። ከገንዳውስ? መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። አዲስ አበባ ለአሥርት ዓመታት "ጣለችው" ያለችው ነገር ሁሉ እዚያ ነበር፤ አጠገቡም ሰዎች ይኖሩ ነበር። ስለዚህ "ጣሉታ" የሚል ሰው ሲገጥመን "የት?" እንላለን። ከመጣል በፊት መስጠት፣ ከመስጠትም በፊት አለመግዛት ይቀድማል። የፌስታሉም ጉዳይ ቢሆን፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ዘንቢል የነበራቸው እናቶቻችን ቀድመውን አውቀውት ነበር ማለት ነው።

መጨረሻው

ከ64ቱ ሲኒ 24ቱ ቤት ቀሩ። አርባውን በጋዜጣ ጠቅልለን ለአዲሱ ሰፈር እድር ሰጠን፤ በዚያው ቀን ተመዘገብን። ዕቃ ያዡ ሲኒዎቹን ቆጥረው መዝገብ ላይ አሰፈሯቸው። እናታችን ሸኝታቸው ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ሲኒ ስለሰጠች ይሁን ሰፈር ስላገኘች አልጠየቅናትም።

አሁን አንድ ሐሳብ እናቅርብና እናብቃ። እኛ ያለንበትን ጨምሮ ብዙ ኮንዶሚኒየሞች ለነዋሪው በጋራ መጠቀሚያ ተብሎ የተሠራ፣ ኮሙናል የምንለው ቤት አላቸው። የታሰበው በግ ለማረድ፣ እንጀራ ለመጋገር፣ ልብስ ለማጠብ ነው። ዛሬ አንዳንዱ ተቆልፏል፣ አንዳንዱ ተከራይቷል። በዚያ ቤት አንድ ግድግዳ መደርደሪያ ቢሠራለት፣ ሁለት መሰላል፣ ሁለት ሙቀጫ፣ አንድ የመሣሪያ ሳጥን፣ ጥቂት የድግስ ድስት ቢቀመጥና መዝገብ ቢኖረው ምን ይጎድላል? በየቤቱ አንድ ጥግ ይለቀቃል። በጥግ ላይ ደግሞ የልጅ ማጥኛ ጠረጴዛ ይቆማል፤ የአያት አልጋ ይገባል። ለኮሚቴው ጠይቀናል፤ "በስብሰባ ይታያል" ተብለናል። እስኪታይ ድረስ ሙቀጫውን ምድር ቤት፣ ደረጃው ሥር፣ ማንንም በማያደናቅፍበት ቦታ አስቀምጠነዋል። በላዩ ላይ "የሕንፃው ነው" ብለን ጽፈንበታል። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልነካውም። በሁለተኛው ከሁለተኛ ፎቅ አንዲት እናት ወሰዱት፤ ሲመልሱት አንድ ጭልፋ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በሰሃን አብሮ መጣ።

አያታችን ዛሬ የሚተኙት መኝታ ቤት ነው። እጃቸው ጠግኗል፤ ውሃ የሞላ ጆግ ግን አያነሱበትም፤ የሚያነሱም አይመስልም። ይህን ያህል ቀድመን ብናስብ ኖሮ...

ለማንኛውም፣ ሲኒያችሁን ቁጠሩ። ቀጥላችሁ በስማቸው የምታውቋቸውን ጎረቤቶች ቁጠሩ። ሲኒው ከበለጠ ነገ ጠዋት አንድ በር አንኳኩ። የሚበደር ነገር ከጠፋ መሰላል ጠይቁ፤ እንዳለ እናውቃለን።

ቸር እንሰንብት።